የእቴቴን ዓይን ያጠፉ ሰዎች

ባለፈው ዓመት ለዘመድ ለቅሶ ታች ጋይንት ወርጄ ሳለ አንድ ወጣት ዲያቆን አናደደኝ። ልጁ ጨዋ ነው፤ ጥፋትም የለበትም። ከለቅሶው ማግስት ክርስትና የተነሣሁበትን ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ብገባ፣ ከደብረ ታቦር የመጡ ሁለት እንግዶችን እያዞረ የግድግዳውን ሥዕል ያስረዳቸዋል። ሴቶች በሚቆሙበት በደቡብ በኩል ደረሰና በመቋሚያው ጫፍ ጠቆመ።

«ይህች ደግሞ በጠላት ዘመን ለጣሊያን መንገድ ያሳየችው ሴት ናት» አለ። «አንድ ዓይን ብቻ ያላት ከሓዲ ስለሆነች ነው። ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፣ ክፉ ሰው በአንድ።»

እንግዶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዷማ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሣቻት።

«ዋሸህ!» አልኩት። እንደዚያ መጮኼን ያወቅሁት ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ነው። ዲያቆኑ ደነገጠ። «እማማ፣ እኔ እኮ አባቶች እንደነገሩኝ ነው የምናገረው» አለኝ። እውነቱን ነው። አባቶቹም እንደተነገራቸው ነው የነገሩት። ደሜን የሚያፈላው ይኸው ነው፤ ልይዘው ብል አንድም ሰው እጄ ላይ አይገባም።

ያቺ ሴት አክስቴ ናት። ሥዕሏ ሁለት ዓይን ነበረው። አንደኛው ሲጠፋ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ስሟ የሽመቤት። አባቴ «እቴቴ» ስለሚላት እኛም ልጆቹ እቴቴ እንላት ነበር። ባሏ ከሞተባት ወዲህ ከእኛው ግቢ ጎጆ ቀልሳ ትኖራለች። ረጅም ናት፤ ስትሄድ የቸኮለች፣ ስታወራ ግን የማትቸኩል። ባቄላ ስንፈለፍል ከመካከላችን ተቀምጣ የምትነግረን አንድ ታሪክ ነበራት። መቶ ጊዜ ሰምተነዋል። አንድ ቃል ብትዘል «እቴቴ፣ ውሻውን ረሳሽው!» ብለን እናስታውሳት ነበር።

ታሪኩ የራሷ ነው። ጣሊያን ወታደሩን ይዞ ከንፋስ መውጫ በኩል መጣ ሲባል ቄሶቹ ታቦቱን ይዘው ሌሊቱን ወደ ስማዳ ዋሻ ወጡ። መጻሕፍቱ ግን ከዕቃ ቤት ቀሩ። ሰው ሁሉ ጫካ ገብቷል። እቴቴ አራስ ናት፤ ከወለደች ገና ሃያ ቀኗ ነው፣ መሸሽ አልቻለችም። አራስ ደግሞ ልጇ ክርስትና እስኪነሣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር አትረግጥም፤ እንኳን ያን ጊዜ ዛሬም አትረግጥም። እቴቴ ልጇን መደብ ላይ አስተኝታ፣ አንቀልባዋን ይዛ፣ ቅጥሩን አልፋ ገባች።

«ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ» ትለናለች። «መጻሕፍቱን በአንቀልባ እያዘልኩ ከጎታው ገብስ ውስጥ ቀበርኋቸው። የኋለኛው ተአምረ ማርያም ነበር። እሱን አዝዬ ስወጣ ውሻው ጮኸ። ቀና ብል ወታደሮቹ በሩ ላይ ቆመዋል። አስተርጓሚያቸው ‹ቄሶቹ ወዴት ሄዱ?› አለኝ። ጀርባዬ ላይ ያለው ልጅ መስሏቸዋል። እኔም እሹሩሩ እያልኩ፣ እንዲህ ክንዴን ዘርግቼ፣ በተቃራኒው ወደ በሽሎ ገደል አሳየኋቸው።»

ወታደሮቹ ቀኑን ሙሉ በዚያ በረሃ ሲንከራተቱ ዋሉ። መጻሕፍቱ ተረፉ። ዛሬም የሚቀደስባቸው እነሱው ናቸው።

ታሪኩ ለእኛ እዚህ ላይ ያልቃል። የቀረውን የሰማሁት ከእናቴ ነው። ያ ሕፃን ክርስትና በተነሣ በሳምንቱ ሞተ። ከዚያ ወዲህ እቴቴ አልወለደችም። የመንደሩ ሴቶች ፊቷ ላይ ምንም አይሏትም፤ ዘወር ስትል ግን «ቅጥሩን ደፍራ ነው፣ ማርያም ተቀይማት ነው» ይላሉ። የንስሐ አባቷ ስግደት አዘዟት፤ ከታዘዘችው በላይ ሰገደች። ጉልበቷ ላይ ያለውን ጠባሳ አሳይታኛለች። እኔ በልጅ አእምሮዬ ሕፃኑ የሞተው መደብ ላይ ብቻውን ሲቆይ በርዶት ይመስለኝ ነበር፤ ብርድ በገባ ቁጥርም ታናሽ ወንድሜን በነጠላ እየጠቀለልኩ አፍነው ነበር።

በዚያ ዓመት ቤተ ክርስቲያናችን የሣር ክዳኑ ወልቆ ቆርቆሮ ለበሰ። ያረጀው ሥዕል በዝናብ በስብሶ ስለነበር ግራዝማች አየነው የተባሉት የአገሩ ባላባት «ጨርቁንም ቀለሙንም እኔ እችላለሁ» አሉ። በጥቅምት ከእስቴ አንድ ሠዓሊ መጡ፤ አለቃ ፈንታ ይባላሉ። ቀጭን ናቸው፣ ጣቶቻቸው ሁልጊዜ ቢጫና ሰማያዊ። ከቅጥሩ ውስጥ ዳስ ተጣለላቸውና ጨርቁን እዚያ ወጥረው ይሥሉ ጀመር። ሥዕሉ ሲያልቅ ነው ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው። ለማጣበቂያው የበሬ ቆዳ በገንቦ ይቀቀላል፤ ሽታው አያድርስ ነው። ከገበያ የሚመለስ ሰው አፍንጫውን ይዞ በሩጫ ያልፋል። እኔ ግን ወደድኩት፤ ማርያም ስትሣል እንዲህ የምትሸት መስሎኝ።

የሠዓሊውን ምሳ መንደሩ በተራ ያበላል። የእኛ ተራ ሲደርስ እቴቴ አገልግሉን ተሸክማ እኔን አስከትላ ሄደች። አለቃ ሲበሉ አጠገባቸው ተቀመጠችና ያንኑ ታሪክ ጀመረችላቸው። እስከ ውሻው ድረስ እየጎረሱ ሰሙ። ውሻው ሲጮኽ እጃቸው ቆመ።

«ክንድሽን እንዴት ነበር የዘረጋሽው?» አሏት።

ተነሥታ ዘረጋችላቸው።

«እንዲያው ሁነሽ ቆዪልኝ» ብለው ከሰል አነሡ።

«ይሥሉኛል እንዴ አለቃ?» አለች እቴቴ። ድምፇ ተለወጠብኝ።

«ስለ መጻሕፍቱ መትረፍ አንድ ሥዕል ይግባ ተብያለሁ። ያተረፈው ማን እንደሆነ ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም።»

ወደ ቤት ስንመለስ እቴቴ አትሄድም፣ ትበራለች ማለት ይቀላል። እናቴን ጓሮ ጠርታ የነገረቻትን ሰምቻለሁ። «ማርያም ተቀይማኝ ቢሆን ኖሮ ከግድግዳዋ ላይ ታወጣኝ ነበር? ልጄን የወሰደችው በቁጣ አይደለም ማለት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ እንቅልፍ የነሣኝ ነገር እኮ ነው!» እናቴ አቀፈቻት። ሁለቱም አለቀሱ፤ እኔ ደግሞ መሣል ያማል እንዴ ብዬ ፈራሁ።

በሚቀጥለው ተራችን ሥዕሉ ቀለም ተቀብቶ ደረሰ። እቴቴ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳለች፤ ጀርባዋ ላይ አንቀልባ፣ ከአንቀልባው ጫፍ የመጽሐፉ ቀይ ልባስ ብቅ ብሎ ይታያል። ክንዷ ተዘርግቷል። ዓይኖቿ እንደ ባቄላ አበባ ነጭና ጥቁር፣ ሁለቱም ቁልጭ ብለው እኛን ያያሉ። እቴቴ ሥዕሏ ፊት ቆመች። ነጠላዋን አስተካክላ ብቻ ወጣች።

ከዚያ የገብስ አጨዳ ደረሰና እቴቴ ከማሳ የምትወጣበት ጊዜ አጣች። በታኅሣሥ ተራው ሲመጣልን ምሳውን ብቻዬን ወሰድኩ። ዳሱ ውስጥ አለቃ ብቻቸውን አልነበሩም። ግራዝማች አየነውና ቄሰ ገበዙ መጥተው ሥዕሉን ያያሉ። ቄሰ ገበዙ የቤተ ክርስቲያኑ ኃላፊ ናቸው። ልጅን ማን ይቆጥረዋል፤ አገልግሌን አቅፌ ከዳሱ ምሰሶ ሥር ተቀመጥኩ።

«አራስ ቅጥር ገባች ብለን ግድግዳ ላይ እናውጅ?» አሉ ቄሰ ገበዙ። «የነገዋ አራስ ይህን አይታ ምን ትላለች?»

«ገብታ አትርፋለች እኮ አባቴ» አሉ አለቃ። «እርስዎም የሚቀድሱት በዚያው መጽሐፍ ነው።»

«አትርፋ ይሆናል። ንስሐም ገብታበታለች። ንስሐ የተገባበት ነገር አይሣልም።»

ግራዝማች ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መጻሕፍቱን አንድ ወንድ ሰው ቢሸከማቸው ምን ይጎዳል? ለጨርቁ ለቀለሙ የለፋ ሰውም ከሥዕሉ ግርጌ ተደፍቶ ብቻ መቅረት የለበትም።»

የለፋው ሰው እሳቸው ናቸው። ያሠራው ሰው ከግርጌ ሰግዶ መሣሉ የቆየ ልማድ ነው፤ በዚህ የሚቀና የለም። እሳቸው ግን ከላይም ፈለጉ። ለመሆኑ በዚያን ቀን የት ነበሩ? ንፋስ መውጫ ከጣሊያኖቹ መጋዘን ደጃፍ ዱቄት ሲቀበሉ ያዩዋቸው ሰዎች ያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ። አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን አልነበረም።

«ሴትዮዋስ?» አሉ አለቃ። «ቀለሟ ደርቋል። ጨርቁም አልቋል፤ ፍቄ ልጣላት ብል ይበሳል።»

«ካልተፋቀች ትቆይ» አሉ ግራዝማች። «ወታደሮቹ ተሥለዋል፣ እሷም እጇን ዘርግታለች። መንገድ የምታሳይ አንዲት ሴት ነበረች በላ። ማን ናት ብሎ የሚጠይቅህ የለም።»

ሁለቱ ሲወጡ አለቃ ቀለም በጠበጡ። ከዚያ ብሩሻቸውን አነሡ። መጀመሪያ የመጽሐፉን ጫፍ በአንቀልባው ቀለም ሸፈኑት። ቀጥለው ፊቷን በቆዳዋ ቀለም ቀቡት፤ እየቀቡ አፍንጫዋን ወደ ጎን አወጡት። አንድ ዓይን መልሰው ሣሉ፣ ሌላውን አልሣሉም።

«አለቃ፣ ያኛው ዓይኗ የት ሄደ?» አልኳቸው።

መኖሬን ያወቁት ያን ጊዜ ነው። «ፊቷን አዙራ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

«ወታደሮቹን እያየቻቸው ነው?»

«አዎ። እነሱን እያየች ነው።»

በቂ መልስ ነበር። እኔም ፊቴን ሳዞር አንድ ዓይኔ ነው የሚታየው። አለቃ አገልግሉን ሳይከፍቱ መለሱልኝ። የነቢያት ጾም ስለነበር ጾመኛ ናቸው ብዬ ተመለስኩ፤ ለእናቴም እንደዚያው ነገርኳት። ለእቴቴ ደግሞ እየሮጥኩ ማሳ ድረስ ሄጄ «እቴቴ፣ አሁን ወታደሮቹን እያየሻቸው ነው! በጣም አምሮብሻል!» አልኳት። ማጭዷን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ሳቀች። ያ ሳቋ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሥዕሎቹ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው እስከ በዓሉ መጋረጃ ተጣለባቸው። አለቃ ፈንታ በዓሉን ሳይጠብቁ ወደ እስቴ ሄዱ። ሰው ሁሉ «ምን አስቸኮላቸው፣ ሳይመረቁ?» አለ።

የአስተርእዮ ማርያም ዕለት እቴቴ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ቅቤ ተቀብታ፣ ከሣጥን የማይወጣውን ጥልፍ ቀሚሷን ለበሰች። ለጎረቤት ሴቶች ሁሉ «ኑ፣ አንድ ነገር ታያላችሁ» ብላ ነበር። ከሕፃኑ ሞት በኋላ ክፉ ያወሩባትንም ጠርታቸዋለች፤ እነሱንማ ከሁሉ አስቀድማ። ከቅዳሴ በኋላ መጋረጃው ተገለጠ። ከኋላ ያሉት እልል አሉ። ከፊት እኛ ባለንበት አካባቢ እልልታው ተጀምሮ መሀል ላይ ቆመ። እናቴ እጄን ጨበጠችኝ፤ አመመኝ።

ከላይ ግራዝማች አየነው መጻሕፍቱን ተሸክመው በሁለት ትላልቅ ዓይኖቻቸው ያዩናል። ከጎናቸው አረንጓዴ ቀሚስ የለበሰች አንድ ዓይና ሴት ለጣሊያን እጇን ዘርግታለች። ትልልቆቹ ሁሉ ያ ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል። ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ስለዚህ እቴቴን ቀሚሷን ሳብ አድርጌ «አየሽ? አንቺ ነሽ!» አልኳት፤ ጮክ ብዬ።

አንዷ ሴት ሳቀች። እቴቴ ቀስ ብላ ዝቅ አለችልኝ።

«ሲሣል አይተሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ዓይኔንስ?»

«ፊትሽን አዙረሽ ነው ብለውኛል።»

አልተቆጣችኝም። ብትመታኝ በተሻለኝ።

ከቄሰ ገበዙ ዘንድ የሄደችው ያንኑ ቀን ነው። እኔና እናቴ ከኋላዋ ቆመናል። «አባቴ፣ ምን በደልኩ? ባትሥሉኝስ ኖሮ ምን ነበረበት?» አለቻቸው። «ሥዕል ነው፣ የሽመቤት። ስምሽ አልተጻፈበትም» አሏት፤ መስቀላቸውን አሳልመዋት አለፉ። ስሟ አልተጻፈበትም! የግራዝማች ስም ግን በቀይ ቀለም ተጽፏል፣ ያውም ከነማዕረጉ። አባቴን እቤት «ለምን ዝም ትላለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ከሹም ጋር አልጣላም» አለኝ። ታላቅ እህቱ ናት፤ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ወንድም ነው። ነፍሱን ይማርና፣ ለዚህ ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማመን የሚከብደው ላላየው ሰው ነው። የእቴቴን ታሪክ እንደ እኔ መቶ ጊዜ የሰሙ ሰዎች፣ በአንድ ወር ውስጥ ታሪኩን ከግድግዳው ይነግሩት ጀመር። መጀመሪያ «አንዲት ሴት መንገድ አሳይታለች ይባላል» አሉ። ቀጥሎ ‹ይባላል› ቀረ። አንዱ አዝማሪ በሠርግ ቤት የግራዝማችን ጀግንነት በመሰንቆ ተጫወተው፤ አንድ ዓይናዋንም አልረሳትም፣ ሸለሙት። ተስካር ላይ አንዲት አሮጊት ወታደሮቹ በሴትዮዋ ቤት ማር መብላታቸውን ጨመሩበት። ማሩን ከየት አመጡት? ሥዕሉ ላይ እንኳ ማር የለም! የሕፃኑም ሞት አዲስ ምክንያት ተገኘለት፤ በክሕደቷ ነው ተባለ። እቴቴ ባቄላ ስንፈለፍል መናገሯን ተወች። እኛም ንገሪን አላልናትም።

በየካቲት ውቂያው አልቆ አውድማው ባዶ ሲሆን የመንደሩ ልጆች አንድ ጨዋታ አወጣን። አንዱ ልጅ ግራዝማች ሆኖ ድንጋይ ይሸከማል፤ መጻሕፍት ናቸው። አንዷ አንድ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና በሌላው እጇ ትጠቁማለች። ሌሎቹ ወታደር ሆነው «ወዴት ሄዱ?» ብለው ይጠይቃሉ፣ ባሳየቻቸው በኩል ሮጠው ድንጋይ ተሸካሚውን ያሳድዳሉ። ካልያዙት ተመልሰው አንድ ዓይናዋን በገለባ ይደበድቧታል። አንድ ዓይናዋን እኔ እንድሆን ተፈረደብኝ፤ የእሷ ወንድም ልጅ ነሽ ተባልኩ። በመጀመሪያው ቀን አልቅሼ ሄድኩ። በሁለተኛው ቀን ብቻዬን እቤት ከምቀር ብዬ ገባሁ። በሦስተኛው ቀን እንደ እኔ የሚያደርገው ጠፋ፤ አንገቴን ሰበር፣ ወገቤን ጎበጥ አድርጌ ስጠቁም ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። ደስ ይለኝ ነበር። አልደብቅም፣ ደስ ይለኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን መዳፌን ዓይኔ ላይ አድርጌ ጎብጬ እንደቆምኩ ሳቁ በድንገት ጸጥ አለ። መዳፌን አነሣሁ። እቴቴ የጭድ ቅርጫቷን ይዛ ከአውድማው ዳር ቆማለች። መቼ እንደመጣች አላየናትም።

ቅርጫቷን አስቀመጠችና ወደ መሀል ገባች። እኔን በትከሻዬ ይዛ ወደ ወታደሮቹ ጎን አቆመችኝ።

«እኔ ልሁን» አለች።

ነጠላዋን አጣፍታ ጀርባዋ ላይ አሰረች፣ ሕፃን እንዳዘለ ሰው። ቀጥ ብላ ቆመች። ሁለቱ ዓይኖቿ እኛን ያያሉ። ክንዷን ገና አላነሣችም።

«በሉ ጠይቁኝ» አለች። «ቄሶቹ ወዴት ሄዱ ብላችሁ ጠይቁኝ።»

አሥራ አንድ ልጆች ነበርን። ግራዝማች የሆነው ልጅ ድንጋዩን ጣለ።

«ጠይቁኝ እንጂ፣ ልጆቼ!»

ጥያቄውን ከሁሉም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ሦስት ቃል ነው። ክንዷን አንሥታ ወደ በሽሎ እንድታሳየን የሚያስፈልጋት እሱ ብቻ ነበር። ዞር ዞር ብዬ ልጆቹን አየሁ፤ ሁሉም እኔን ያያሉ። አፈርኩባት። ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ።

እቴቴ ጥቂት ጠበቀችን። ከዚያ ነጠላዋን ፈታች፣ ቅርጫቷን አነሣች፣ ሄደች።